የሥራ ቦታ ውጥረት፦ መነሻው፣ ምልክቱና መከላከያው

«ጨጓራዬ ተነስቶብኛል»፣ «ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔ ሳይከደን ይነጋል»፣ «ቤት ስገባ ልጆቼ ላይ እጮኻለሁ»። በአገራችን የሥራ ውጥረት የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ቃላት ነው። «ሥራዬ አእምሮዬን እየጎዳው ነው» ብሎ ለአለቃው በግልጽ የሚናገር ሠራተኛ እምብዛም አይገኝም። ቢናገርም የሚጠብቀው መልስ የታወቀ ነው፦ «ያልደከመው ማን አለ? ሰብር አድርግ!»

ሰብር ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በሠራተኛው ሰብር ላይ ብቻ ተማምኖ የሥራውን አደረጃጀት እንደነበረ መተው ሌላ ጉዳይ ነው። በዘርፉ ባለፉት ሃምሳ ዓመታት የተሠሩ ታላላቅ ጥናቶች የሚያመለክቱት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ውጥረት በብዛት የሚመነጨው ሥራው ከተደራጀበት መንገድ በመሆኑ መከላከያውም መጀመር ያለበት ከዚያው ነው።

ውጥረት ምንድን ነው?

ሰው አስቸጋሪ ሁኔታ ሲገጥመው አካሉ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫል። ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ትኩረት ይጨምራል። ይህ በራሱ ጉዳት የለውም። ደንበኛ ሲበዛ ወይም የወር መዝጊያ ሒሳብ ሲደርስ ለጥቂት ሰዓት መወጠርና ከዚያ መርገብ ጤናማ ነው። ችግር የሚመጣው የመርገቢያው ጊዜ ሲጠፋ ነው። አካሉ ለሳምንታትና ለወራት እንደተወጠረ ሲቆይ የደም ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይዛባል፣ ነባር ሕመሞች ይባባሳሉ። የጨጓራ ቁስለት በብዛት የሚመጣው ከባክቴሪያና ከአንዳንድ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒቶች ቢሆንም ውጥረት ስሜቱን ያከብደዋል። «ሥራ ስገባ ይነሳብኛል» የሚለው ሰው አልተሳሳተም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ «በርንአውት» የተባለውን በሥራ ምክንያት የሚመጣ መዛል በሦስት ምልክቶች ገልጾታል። አንደኛው አቅም ተሟጥጦ ማለቁ ነው። ሁለተኛው ሰውየው ከሥራው በልቡ መራቁና ሥራውን መጥላቱ ወይም ማናናቁ ነው። ሦስተኛው «ምንም ፋይዳ ያለው ነገር እየሠራሁ አይደለም» የሚል ስሜት ነው። ድርጅቱ ይህን በሽታ ብሎ አልፈረጀውም፤ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ ነው የመዘገበው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሰውየውን ብቻ አክሞ ወደዚያው ሥራ መመለስ መዛሉን እንደማያስቆመው ከትርጉሙ መረዳት ይቻላል።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጋራ ባወጡት ግምት መሠረት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝ አደጋው በ35 በመቶ፣ በልብ የደም ሥር በሽታ የመሞት አደጋው ደግሞ በ17 በመቶ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2016 ብቻ ከረጅም የሥራ ሰዓት ጋር በተያያዘ በእነዚህ ሁለት በሽታዎች 745 ሺህ ሰዎች እንደሞቱ ተገምቷል።

አለቃው ወይስ ተላላኪው? ማን ይበልጥ ይታመማል?

ብዙ ሰው «ውጥረት የትልልቅ ኃላፊዎች በሽታ ነው» ብሎ ያስባል። በእንግሊዝ የመንግሥት ሠራተኞች ላይ የተካሄዱት «ኋይትሆል» የተባሉ ጥናቶች ተቃራኒውን አሳይተዋል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1967፣ ሁለተኛው ደግሞ በ1985 ነው የተጀመረው። በሁለተኛው 10,308 ወንዶችና ሴቶች ለዓመታት ተጠንተዋል። በልብ በሽታ ይበልጥ የሚጎዱት በዝቅተኛ እርከን ያሉት ሆነው ተገኙ። ሲጋራና አመጋገብ ልዩነቱን በከፊል ብቻ ነበር የሚያስረዱት። ሥራውን የመሩት ፕሮፌሰር ማይክል ማርሞትና ባልደረቦቻቸው ከጠቀሷቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ሠራተኛው በራሱ ሥራ ላይ የመወሰን ሥልጣን ማጣቱ ነው።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮበርት ካራሴክ እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው ሐሳብ ይህን ያብራራል። ሥራ መብዛቱ ብቻውን ያን ያህል አይጎዳም፤ ከባዱ ነገር ብዙ ሥራ ተሸክሞ ምንም የመወሰን ዕድል አለመኖሩ ነው። የራሱ ሱቅ ያለው ነጋዴ ከጠዋት እስከ ማታ ይደክማል፤ ግን መቼ እንደሚዘጋ፣ ምን እንደሚያመጣ፣ ለማን ዱቤ እንደሚሰጥ የሚወስነው እሱ ነው። አጠገቡ የቆመው ተቀጣሪ ልጅ ተመሳሳይ ሰዓት ይቆማል፤ ሽንት ቤት ለመሄድ ግን ፈቃድ ይጠይቃል። በኋላ በዚህ ሐሳብ ላይ ሦስተኛ ነገር ተጨመረበት፤ እሱም ከባልደረባና ከአለቃ የሚገኝ ድጋፍ ነው። ሥራው በዝቶ፣ ሥልጣን ጠፍቶ፣ አጋዥም ከሌለ ጉዳቱ የከፋ ይሆናል።

ተመራማሪው ዮሃንስ ዚግሪስት ደግሞ በልፋትና በዋጋው መካከል ያለውን ሚዛን መረመረ። ዋጋ ሲል ደመወዝን ብቻ ማለቱ አይደለም፤ ክብርና የሥራ ዋስትናም ይገቡበታል። ሰው ብዙ ለፍቶ በምላሹ ትንሽ ሲያገኝ፣ ያም ስድብ ሲጨመርበት፣ ጉዳቱ በጤናው ላይ ይታያል።

በኢትዮጵያ ፋብሪካዎች የታየው

ይህ የፈረንጅ አገር ጉዳይ ነው የሚል ካለ በአገራችን የተሠራውን ጥናት ይመልከት። ክሪስቶፈር ብላትማን እና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ በአምስት ድርጅቶች ሥራ ካመለከቱ ወደ አንድ ሺህ ከሚጠጉ ሰዎች መካከል በዕጣ የተወሰኑት እንዲቀጠሩ አድርገው ውጤቱን ተከታተሉ። አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ከተቀጠሩት አንድ ሦስተኛው በመጀመሪያው ወር ሥራውን ለቀቁ። በዓመቱ ውስጥ የለቀቁት 77 በመቶ ደረሱ። በፋብሪካ የተቀጠሩት ከባድ የጤና ችግር እንደገጠማቸው የመናገራቸው ዕድልም ካልተቀጠሩት ጋር ሲነጻጸር በጉልህ ጨምሮ ተገኘ።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ትምህርት ቤት ሥር ያለ ማዕከል በ2019 ባወጣው ሪፖርት የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ገደማ እንደነበርና የሠራተኛው ፍልሰት እጅግ ከፍተኛ እንደሆነ ተመዝግቧል። ከገጠር መጥታ በአንድ ክፍል ከሌሎች ጋር ተዳብላ የምትኖር፣ ለቤት ኪራይና ለምግብ ከፍላ ለቤተሰቧ የምትልከው የሚያጥራት ወጣት፣ ቀኑን ሙሉ በማሽን ፍጥነት ስትለካና ስትቆጣ ብትውል ሥራውን መልቀቋ ሊያስገርም አይገባም። አሠሪዎች ይህን «የሥራ ባህል አለመኖር» ይሉታል። ለእኔ ግን ይህ ስም ጥያቄውን መዝጊያ ነው። ከአራት ሦስቱ የሚለቁት ሥራ ካለ መጠናት ያለበት መጀመሪያ ሥራው ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ብዙ ሰው የማያውቀው ግዴታ አለበት። አሠሪው የሥራው ሂደት ለሠራተኛው የአካላዊ፣ የኬሚካላዊና የባዮሎጂያዊ ብቻ ሳይሆን የሥነ ልቦናዊ ጉዳትም ምንጭ እንዳይሆን ጥንቃቄ ማድረግ አለበት። የራስ ቁርና ጓንት ማቅረብ እንደሚጠበቅበት ሁሉ ይህም ይጠበቅበታል ማለት ነው። በተግባር ግን «የሙያ ደህንነትና ጤንነት» ሲባል የሚታሰበው የእሳት ማጥፊያና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን ብቻ ነው።

መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 መብለጥ የለበትም። የትርፍ ሰዓት ሥራ የሚፈቀደው በተወሰኑ ምክንያቶች ሲሆን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አያልፍም። ክፍያውም ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራው የመደበኛው አንድ ተኩል፣ በሌሊት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ሁለት ተኩል ነው። እዚህ ላይ ልብ ይሏል፦ 48 እና 12 ሲደመር 60 ይሆናል። በሕግ የተፈቀደው ጣሪያ ራሱ ከላይ የተጠቀሰውን የ55 ሰዓት የአደጋ መስመር ያልፋል። ስለዚህ ትርፍ ሰዓትን በየሳምንቱ ልማድ ማድረግ በሕጉ ወሰን ውስጥ ቢሆንም ለጤና አያዋጣም።

የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሲሆን በየሁለት ዓመቱ ተጨማሪ አገልግሎት አንድ ቀን ይጨመርበታል። ጾታዊ ትንኮሳና ጥቃት የተከለከለ ነው፤ የደረሰበት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። ከደመወዝ ላይ እንደፈለጉ መቁረጥም አይፈቀድም። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ በስተቀር ክልክል ነው፤ ቢቆረጥም በድምሩ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ይህ ለገንዘብ ያዥና ለሱቅ ሠራተኛ ትልቅ ጉዳይ ነው። «ዛሬ ጉድለት ይገኝብኝ ይሆን?» የሚል ስጋት ማታ ማታ እንቅልፍ ይነሳል።

መከላከያው ከአሠሪው ይጀምራል

የእንግሊዝ የሥራ ጤንነትና ደህንነት መሥሪያ ቤት አሠሪዎች በስድስት ነገሮች ራሳቸውን እንዲፈትሹ ይመክራል፦ የሥራው መጠን፣ ሠራተኛው ያለው የመወሰን ዕድል፣ የሚያገኘው ድጋፍ፣ በሥራ ቦታ ያለው ግንኙነት፣ የኃላፊነቱ ግልጽነትና ለውጥ ሲመጣ የሚነገርበት መንገድ። ይህን ለመፈተሽ ባለሙያ መቅጠር አያስፈልግም። አሥር ሠራተኛ ያለው ክሊኒክ ወይም አምስት ሠራተኛ ያለው ጅምላ ማከፋፈያ በግማሽ ቀን ስብሰባ ሊጀምረው ይችላል።

ከስድስቱ በአገራችን ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው፣ ለማስተካከል ደግሞ ምንም ወጪ የማይጠይቀው፣ የኃላፊነት ግልጽነት ይመስለኛል። በቤተሰብ ንግድ ውስጥ አንድ ሠራተኛ ለባለቤቱ፣ ለባለቤቱ ወንድምና ለልጁ ይታዘዛል። አንዱ «ይህን ዕቃ አውጣ» ይላል፣ ሌላው «ማን አውጣ አለህ?» ብሎ ይቆጣል። ሠራተኛው ምንም ቢያደርግ ጥፋተኛ ነው። ትእዛዝ የሚሰጠው ማን እንደሆነ መወሰን፣ የእያንዳንዱን የሥራ ድርሻ በአንድ ገጽ ጽፎ መስጠት፣ ገንዘብና ዕቃ ሲረካከቡ መፈራረም የብዙ ሰውን ሆድ ቁርጠት ያስቀራል። ዘመድ የሆነ ሠራተኛ በተለይ ይህ ያስፈልገዋል፤ «አጎቴን ደመወዝ እንዴት እጠይቃለሁ?» እያለ ውስጥ ውስጡን ይጎዳልና።

ስድብና በሰው ፊት ማዋረድ ሌላው ነው። ስህተትን ለብቻ ጠርቶ መናገርና በደንበኛ ፊት መጮኽ ሁለቱም እርማት ይባላሉ፤ ሁለተኛው ግን ሠራተኛው ቀጣዩን ስህተቱን እንዲደብቅ ያስተምረዋል። በክሊኒክ ወይም በማሽን ሥራ ላይ የተደበቀ ስህተት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ዕረፍትም የሥራው አካል ነው። የሙስሊም ሠራተኞች ሶላት ብዙ ጊዜ በአለቆች ዘንድ «የሚባክን ሰዓት» ተደርጎ ይታያል። በአግባቡ ከተቀናጀ ግን ዙህር ከምሳ ዕረፍት ጋር ይገጥማል፣ ዐስርም ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው። ሰው ከማሽኑ ተነስቶ፣ ታጥቦ፣ ረግቶ የሚመለስበት አጭር ዕረፍት ለማንኛውም ሠራተኛ ይጠቅማል። ጉዳት የሚያመጣው ሠራተኛው በየቀኑ በመለማመጥና በመሸማቀቅ ሲሰግድ ነው። ቋሚ ሰዓትና ንጹሕ ቦታ መወሰን ይህን ያስቀራል። ለጁምዓ በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ለረጅም ዓመታት ዓርብ የምሳ ሰዓት ከ5:30 እስከ 7:30 መደረጉ ነገሩ በሥርዓት ሊፈታ እንደሚችል ማሳያ ነው። በረመዳን ደግሞ ሱሑርና ተራዊሕ እንቅልፍን ስለሚቀንሱ ከባድ ሸክምና ትኩረት የሚፈልገውን ሥራ ወደ ጠዋት ማምጣት፣ የምሳ ዕረፍቱን በስምምነት ወደ መውጫ ሰዓት ማዛወር፣ የሌሊት ፈረቃን ማፈራረቅ ይቻላል። ይህን ወሩ ሲገባ ሳይሆን ከሳምንታት በፊት መነጋገር ይሻላል።

በሰው ቤት የሚሠሩ

የካራሴክን ሐሳብ በእጃችን ይዘን ዓረብ አገር ያሉትን እህቶቻችንን እናስብ። ሥራው ከሱሑር እስከ እኩለ ሌሊት ሊዘልቅ ይችላል። የምትሠራበት ቤት የምትኖርበትም ነው። ስልኳን ተነጥቃ ወይም ፓስፖርቷ ተይዞባት የምትኖር አለች። ቋንቋው አዲስ ነው፤ የሚያጽናና ባልደረባም የለም። ብዙ ሥራ፣ ዜሮ ሥልጣን፣ ዜሮ ድጋፍ ማለት ይህ ነው።

ሕጎች ተሻሽለዋል። ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ሕግ የቤት ሠራተኛ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ እንዳትሠራ፣ የሳምንት ዕረፍትም እንዲኖራት ደንግጋለች። ኳታር በ2017 ጣሪያውን 10 ሰዓት አድርጋለች። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ በ2022 በወጣው ሕግ የሳምንት ዕረፍት ቀንና በየቀኑ 12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያም 8ቱ ተከታታይ እንዲሆን አዟል። በዝግ በር ውስጥ ግን ተቆጣጣሪ አይገባም። ስለዚህ ከመሄዷ በፊት የውሉን ቅጂ፣ የኤምባሲውንና የኤጀንሲውን ስልክ ቁጥር በወረቀትም በቃሏም መያዟ ትልቅ ጥበቃ ነው። ቤተሰብም ድርሻ አለው። ሲደውሉ ሁሉ «መቼ ትልኪያለሽ?» የሚሏት ልጅ ስልኩ ራሱ ውጥረት ይሆንባታል። ድምጿ መቀየሩን፣ እንቅልፍ ማጣቷን፣ «መኖር ሰለቸኝ» ማለቷን የሚሰማ መጀመሪያ ቤተሰብ ነው።

አንድ ነገር ሳይነሳ ማለፍ አይገባም። በአገር ቤት ያለችው የቤት ሠራተኛም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በቀጥታ አትሸፈንም፤ ለግል አገልግሎት የሚደረግ ቅጥር በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ነው የተተወው። ስለ ሪያድና ስለ ቤይሩት የምንቆጣ ሰዎች የእኛ ቤት ልጅ ስንት ሰዓት እንደምትተኛ፣ የዕረፍት ቀንና የራሷ ቁልፍ እንዳላት መጠየቅ እንችላለን።

ሠራተኛው በበኩሉ

አሠሪው እስኪለወጥ መጠበቅ የማይቻል ስለሆነ ራስን መጠበቂያ መንገዶችም አሉ። ዋናው እንቅልፍ ነው። ሰባት ሰዓት ያህል በመደበኛ ሰዓት መተኛት የሚተካው የለም። ከሥራ ሲወጡ መንገዱን በከፊል በእግር መሄድ፣ የሥራ ስልክን በቤት የሚዘጉበትን ሰዓት መወሰን፣ የሚያምኑት አንድ ባልደረባ መያዝ ይረዳል።

ጫት በዚህ ረገድ ያታልላል። ረጅም መንገድ የሚነዳ ሾፌርና የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ለመንቃት ይቅማሉ። በውስጡ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል ቅመም ነው፤ ድካሙን ይሸፍነዋል እንጂ አያስወግደውም። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ በማግሥቱ ድብርቱ ይከተላል፣ እሱን ለመሸሽ እንደገና ይቃማል።

ሐዘን፣ ተስፋ ማጣት ወይም ፍርሃት ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ምግብና እንቅልፍ ከተዛባ፣ ሥራ መሥራት ካቃተ በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤልና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ያለበትን ሰው ብቻውን መተው አይገባም፤ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል መወሰድ አለበት። በማኅበረሰባችን ብዙዎች አስቀድመው ወደ ሩቅያ ይሄዳሉ። ሩቅያ የሐኪምን በር አይዘጋም፤ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ይቻላል። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው።

ለሕክምና ከሥራ መቅረት ያስፈራል። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ አለው፦ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ። ሕመሙ የአእምሮ ቢሆንም ያው ነው። ከቀረበት ቀን ቀጥሎ ባለው ቀን ለአሠሪው ማሳወቅና ከታወቀ የሕክምና ተቋም ማስረጃ ማምጣት ያስፈልጋል። መልእክቱን በጽሑፍ ወይም በስልክ አጭር መልእክት መላክና ቅጂውን ማስቀመጥ በኋላ ክርክር ቢነሳ ይጠቅማል።